የነሐሴው ፈተና

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያቃጥልሻል? እህትሽስ ደህና ናት? እኔን ሰላም እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰላም በያት። ሜምፊስ ብርዱ ገብቷል ይላሉ። እዚህ ሃርሎ ጭጋጉ ከኩሬዎቹ ላይ ሳይነሣ ቀኑ ይመሻል። እኔ አለሁ። የዓሣ ፋብሪካው ከቢላዋው ሥራ አንሥቶ ወለል ማጠብ ላይ አድርጎኛል፤ ለምን አትበዪኝ፣ እጅ እንደ ድሮው አይደለም። አምባዛው ያው አምባዛ ነው፣ ሽታውም እስከ ቤት ይከተለኛል።

ስልክ ያልደወልኩት ፈርቼ አይደለም። ገና "ኳስ" ስል ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጊው ነው። ደብዳቤ መሃሉ ላይ አይዘጋም፤ ብትቀጂው እንኳ ቆይተሽ ትገጣጥሚዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን እህት ኧርሊን ማክሰኞ ማክሰኞ ለዓይኗ ሕክምና ወደ ሜምፊስ ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መጨረሻው ላይ የምለምንሽ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

ስለ ኮርዴል ነው። አንቺ ስትሄጂ ምን እንደነበረ ታስታውሻለሽ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ቁመቱ የበሩን መቃን ይነካል፣ ክንዱን ግን ጌታ ራሱ ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ሞላላዋን የፉትቦል ኳስ ከሜዳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይወረውራታል፤ ማን እጅ ላይ እንደምታርፍ ግን እሱም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም። አሰልጣኝ ፔቲት ጠርቶኝ፣ "ስማ፣ ኳሷን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ ማለት ክንድ አይደለም፤ ጭንቅላት ነው። ሃያ ሁለት ሰው ሲተራመስ ሦስት ሴኮንድ ሳይሞላ ለማን እንደሚወረውር የሚያውቅ ሰው ነው። ያንተ ልጅ ግን..." አለኝና ጠረጴዛውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። ባዶ ነው ማለቱ ነው። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አስገቡት፣ አራት ጊዜ ለጠላት አቀበለ። በማግሥቱ ኦዴል ፀጉር ቤት ስገባ መቀሱ እንኳ ሥራ ፈትቶ ይሥቃል። ኦዴል ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ፣ "አንተ፣ እነዚያ ልጆች እኮ ለልጅህ የምስጋና ካርድ ሊልኩለት ነው" አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ ቀበል አድርጎ፣ "ተወው እንጂ፣ ልጁ ለጋስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስጡ ይሰጣችኋል ሲባል ሰምቶ ነው" አለ። ፀጉር ቤቱ ተናወጠ። እኔም የምታውቂው ሰው ነኝ፣ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት በኮፍያ ሠራሁ።

የዚያን ዕለት ማልኩ። ይህን ልጅ ሰው አደርገዋለሁ አልኩ። አንቺ ብትኖሪ "ሰው አይደለም እንዴ?" ትዪኝ ነበር፤ አልነበርሽም።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አደንጓሬ ዘረገፍኩ። አሥራ አንድ ነጭ፣ አሥራ አንድ ቀይ። ነጩ የኛ፣ ቀዩ የእነሱ። ቀዩን አንዷን ፍሬ በጣቴ ገፋ አደርግና፣ "አሁንስ?" እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ተናዶ ሁሉንም መሬት ላይ ይበትነው ነበር፤ እኔም አስለቅመዋለሁ። ቆይቶ ገና እጄን ሳነሣ መልሱን ይነግረኝ ጀመር። ሌላው ችግሩ ዓይኑ ነበር። ሊሰጠው ያሰበውን ልጅ አፍጥጦ ያየዋል፤ ኋላ የቆመው ተከላካይ ዓይኑን ተከትሎ ይሄድና ኳሷን ይለቅማታል። ስለዚህ ራት ላይ በሩን እያየ የበቆሎ ዳቦ እንዲያቀብለኝ አደረግሁት። እዚያ እያየህ እዚህ ስጥ። አንድ ሁለት ጊዜ ሾርባው ውስጥ ጨምሮብኛል፣ በላሁት።

እግሩንም ያቃናሁት በአምባዛ ኩሬዎቹ መሃል ባለችው ጠባብ ግድብ ላይ ነው። ስትወረውሪ እግርሽ ከተንሻፈፈ ውሃው ውስጥ ነሽ። ስንት ቀን ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ መሰለሽ። የኩሬው ዘበኛ፣ "ልጅህን ልታጠምቀው ነው ወይስ ልታሰምጠው?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በሐምሌ ግን ወደ ኋላ እየሮጠ፣ ሰውነቱ ቀጥ እንዳለ፣ አርባ እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ይከታል። አየሁት፣ አለቀስኩ። ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለመጻፍ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ይኼ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ልምምድ ሳይጀመር፣ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ፊት ያስቀምጧቸዋል። ቃላት ያሳዩአቸዋል፤ ቆይተው የትኞቹን አይታችሁ ነበር ይሏቸዋል። ቀለም ሲቀየር ቶሎ ተጫኑ ይሏቸዋል። ውጤቱ ይቀመጣል። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያንኑ ፈተና ይደግማል። ከነሐሴው ካነሰበት ተጎድቷል ማለት ነው፣ ይቀመጣል። ካላነሰበት ይጫወታል። እዚህ ኳስ የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው ብልሃት አለ፤ ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ይነግሯቸዋል፣ ወንድም ለወንድም ይነግራል። ብልሃቱ ነሐሴ ላይ አውቆ መውደቅ ነው። ጤነኛ ሆነሽ ዝቅ ካልሽ፣ ታመሽ ስትመጪም ያው ነሽ፤ ማንም አያስቀምጥሽም።

ለኮርዴል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ሞተር ሳላጠፋ። "ሁሉንም አትሳት፣ ይነቃብሃል። ከሦስቱ አንዱን ሳት። ቀለሙ ሲቀየር እስከ ሁለት ቁጠርና ተጫን" አልኩት። "አባዬ፣ ደደብ ነው አይሉኝም?" አለኝ። "እስከ ዛሬስ ምን ሲሉህ ነበር?" አልኩት። ተሣሣቅን። ወርዶ ሄደ።

ውጤቱን አሰልጣኝ ፔቲት አየው። "ፈተናውም መሰከረ" ብሎ ለረዳቶቹ ሲነግር ሰማሁት። ልጄን ያሰደብኩት እኔው ነኝ። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳያስቀምጡት። ከስንት ልፋት በኋላ በአንድ ግጭት ምክንያት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንዳይቀር።

መስከረም ላይ ፔቲት ለክንዱ ሲል አሰለፈው፤ ሁለት ተሸነፍን። ፔቲት ሊያወጣው ነበር፤ ሊተካው የነበረው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ባይሰበር ኖሮ ያወጣው ነበር። ሦስተኛው ላይ ልጅሽ በራ። በግራ እያየ በቀኝ ይሰጣል፣ ተከላካዮቹ ባዶ ሣር ላይ ይወድቃሉ። አንዴ ካሸነፍን በኋላ አላቆምንም። ኦዴል ያለ ክፍያ ቆረጠኝ፣ ያውም ሙሉውን። "እኔ እኮ ድሮውንም ብዬ ነበር" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሽማግሌውም "ምን ብለሃል፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አለው። ሰው ይኼ ነው። ፎቶውን መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ከአንድ የክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ሰው እየመጣ ያየው ጀመር፤ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በነፃ፣ አራት ዓመት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልዋሽሽ አልችልም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከብራክስተን ጋር ስንጫወት አንድ ግንድ የሚያህል ጎረምሳ ከጀርባው መጣበት። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ሄልሜት መሬት ላይ ሲነጥር ድምፁን ከመቀመጫዬ ሰማሁት። ተነሣ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ዞረና ወደ ብራክስተኖች ወንበር ሄዶ መሃላቸው ገባና ውሃ ጠየቃቸው። ሰጡት። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሣቀ። እኔም ከሰው ጋር ሣቅሁ። ተመልሶ ገብቶ ያንን ጨዋታ አሸነፈልን። ሰው ትከሻው ላይ ተሸክሞ አወጣው። ደደብ ያሉት ሁሉ ስሙን ይጠሩ ነበር።

ሰኞ ከክሊኒኩ የምትመጣው የሕክምና ሠራተኛ፣ ሚስ ዋንዳ፣ ፈተናውን ደገመችለት። ጠራችኝና ደስ ብሏት፣ "ከነሐሴው አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀነሰም። ልጅህ የብረት ጭንቅላት ነው ያለው" አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገርሽ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነው። ቤተ ክርስቲያን በጥቁር መነጽር ይገባል፤ መዘምራኑ ከበሮ ሲመቱ ተነሥቶ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ድምፁን ሊደብቅብኝ ይሞክራል። ኅዳር ላይ ሌላ ምት መታው፣ ትንሽ ናት፣ ማንም ልብ አላላትም። ወደ ቤት ስንመለስ "ስንት ለስንት ወጣን?" አለኝ። ነገርኩት። ድልድዩን ሳንሻገር "ስንት ለስንት ወጣን?" አለኝ። ነገርኩት። በራችን ላይ ስናቆም ሦስተኛ ጠየቀኝ። ዓርብ ዓርብ የሚጫወተው የጨዋታው ስልት ተጽፎበት እጁ ላይ በታሰረው ወረቀትና በለመደው ክንዱ ነው። ሌላውን ቀን ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ልጅ ነው።

ያለፈው እሑድ አደንጓሬውን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ነጩን በዚህ፣ ቀዩን በዚያ፣ ልክ እንደ ድሮው። ብዙ አየውና፣ "ምንድን ነው አባዬ፣ ልናበስል ነው?" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልዱን አልነበረም። እኔም "አዎ፣ ልናበስል ነው" አልኩት። ዘፍዝፌ አበሰልኩት፣ በላን።

ዝም ብዬ ተቀምጬ አልነበረም፣ ይህን እወቂልኝ። መጀመሪያ ለራሱ ነገርኩት፤ በቃህ፣ ተቀመጥ አልኩት። "አሥራ ስምንት ሞልቶኛል፣ ራሴ ፈርሜ እገባለሁ" አለኝ። ስጫነው ደግሞ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ፣ "ሰው ሁሉ ደደብ ሲለኝ አትተው ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። አሁን አንተም ከነሱ ጋር ሆንክ?" አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?

ፔቲት ቢሮ ሄድኩ። የነሐሴውን ነገር አንድ በአንድ ዘረገፍኩለት። መስኮት መስኮቱን እያየ፣ "ያልከኝን አልሰማሁም፤ አንተም አላልከኝም። ወረቀቱ ደህና ነው ይላል። ይህች ከተማ ለዋንጫ ከደረሰች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት፣ ሂድና ቤትህ አረፍ በል" አለኝ። ከዚያ ሚስ ዋንዳ ጋ ሄድኩ። እሷ እንኳ ደንግጣ ኮርዴልን አስጠራችው። መጥቶ ፊቴ ቆሞ፣ በትሕትና፣ ነሐሴ ላይ የምችለውን ያህል ሠርቻለሁ አላት። ቀጠለና፣ "አባቴ እንደሚያውቁት ነው፣ አይፍረዱበት፣ ነገር ይቀላቅላል። ድሮ ኳስ ይጫወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው" አላት። እሷም ዞር ብላ አየችኝ። ሰው በሽተኛ የሚያይበትን ዓይን ታውቂው የለ? ክንዴን ደግፋ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

አልተቀየምኩትም። ትምህርቴን ነው የመለሰልኝ።

የዋንጫው ጨዋታ የፊታችን ዓርብ ነው። ሚስ ዋንዳም፣ ሌላ የሚያውቅ ሰውም ቀደም ሲል አንድ ነገር ነግረውኛል፦ ያልዳነ ጭንቅላት ላይ ዳግመኛ ከባድ ምት ቢወርድ ልጁ ከሜዳው ላይነሣ ይችላል። ይህን ጽፌ ቆም አልኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ተመልሼ መጣሁ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይኼ ነው። ለኔ አይቆምም፣ ላንቺ ግን ይቆማል። ረቡዕ ቀን ከትምህርት ቤት አስጠርቼው እናትህ በጠና ታማለች፣ ትጠራሃለች ልለው ነው። በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ራሴ አሳፍሬው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። እኔ የማስበው ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ እያለ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ታመሚልኝ። አልጋ ላይ ተኚ። ስልክ ቢደውል እህትሽ ታንሣውና መናገር አትችልም ትበለው። ዓርብ ሲነጋ ልሂድ ካለሽ እጁን ያዢና አትልቀቂው፤ ብትፈልጊ ጩኺ፣ ብትፈልጊ ከአልጋ ውደቂ። ዓርብ ይለፍ እንጂ እንዴትም ይለፍ። ዋሽተሽው እንደማታውቂ አውቃለሁ። በቤታችን ውሸቱ የኔ ሥራ ነበር። ይህቺን አንዲቷን ብቻ ተሸከሚልኝ።

ሰኞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰጂው። የነሐሴው ወረቀት ውሸት እንደሆነ አንቺ ንገሪያቸው፤ አንቺን ያምኑሻል። መጋረጃውን ዝጊለት። ቴሌቪዥን አታብሪ። "ይህን ታስታውሳለህ?" እያልሽ አትፈትኚው፣ ያ ከምቱ በላይ ያማል። የመለስሽለትን ደግሞ ከጠየቀሽ እንደ መጀመሪያ ጊዜ መልሺለት፣ ፊትሽ ሳይለወጥ። ከተናደደና ዕቃ ከወረወረ ደግሞ እሱ አይደለም፤ ውጪና ቆይተሽ ግቢ። አንቺ ያን ጊዜ ከኔ ስትሸሺ ልክ ነበርሽ። ያ ግድግዳውን በቡጢ ይበሳ የነበረው ሰው ማን እንደነበረ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

እውነቱን ሲያውቅ ይጠላኛል። አትሟገቺልኝ፤ አባትህ ለአንተ ብሎ ነው ምናምን አትበይው። ይጥላኝ። ለመጥላትም ጤነኛ ጭንቅላት ያስፈልጋል፣ ያንን ያህል ከተረፈለት ይበቃኛል። እዚህ ስላለው አታስቢ። ዓርብ ማታ ሜዳው በር ላይ እቆማለሁ፤ የት ደበቅኸው ሲሉኝ የሚሉኝን እሰማለሁ። ከፋብሪካው ቢያባርሩኝም ወለል ነው፣ የትም ይታጠባል።

ጉልበትሽን ጌታ ይማርልሽ። የእህትሽን ቤት ይባርክ፣ ለልጃችን በሯን ስለምትከፍት። ያንን የፈረሰ ልጅ እጅሽ ላይ ሲያስቀምጥልሽ ጉልበቱንም ትዕግሥቱንም አብሮ ይስጥሽ። በሄድሽበት ሁሉ ሰላም ይቅደምሽ።

የልጅሽ አባት

(ከፖስታው ጀርባ) ይህን የምጨምረው እህት ኧርሊን ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ባለፈው ማክሰኞም ላንቺ ደብዳቤ ሰጥቼያት እንደነበርና በእጅሽ እንዳስረከበችሽ አሁን ነገረችኝ። እኔ ትዝ አይለኝም። ምን ብዬ እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ለጨዋታው ነይና እዪው ብዬሽም ይሆናል። ተይው፤ ይኼኛውን ስሚ።